ሬንጅንና የነፍሳትን እድፍ ከመኪና ቀለም ላይ ያለ ጉዳት ስለ ማስለቀቅ

ለሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት እድፍ ይዞ ይመለሳል። አንደኛው አዲስ ከተነጠፈ መንገድ የሚፈናጠቅ ሬንጅ ነው፤ ሁለተኛውም በበረራ ላይ ሳሉ ከመኪናው ጋር ተላትመው የሚሞቱ ነፍሳት ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ በምሥራቅና በሰሜን ኢትዮጵያ በወረደ ጊዜ እንደ ታየው ያለ መንጋ ሲነሣ፣ በመካከሉ የሚያልፍ መኪና ግንባሩ በሙሉ ይሸፈናል።

የመኪና ቀለም ለጌጥ ብቻ የተቀባ አይደለም፤ የብረቱ ልብስ ነው። ቀለሙ የተፋቀ እንደ ሆነ ውሃና አየር ብረቱን ያገኙታል፤ ዝገትም ይጀምራል። ስለዚህ እድፉን በቢላዋ፣ በምላጭ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ መፋቅ ከእድፉ ይልቅ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

የነፍሳቱ እድፍ ሳይውል ሳያድር መነሣት ይገባዋል። ከሰውነታቸው የወጣው ፈሳሽ በፀሐይ ሙቀት በቈየ ቍጥር ቀለሙን ይበላዋል፤ ያን ጊዜ እድፉ ቢታጠብም ምልክቱ አይጠፋም። መኪናው በጥላ ቆሞ ከበረደ በኋላ፣ ቀለሙን የሚጭረው አቧራ አስቀድሞ በብዙ ውሃ ይውረድ። ቀጥሎም በሳሙና ውሃ የተነከረ ለስላሳ ጨርቅ በእድፉ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ይተኛበት። እድፉ ከራሰ በኋላ ያለ ኀይል ይነሣል፤ ካልተነሣም ጨርቁን ደግሞ ማርጠብ ነው እንጂ መፈግፈግ አይገባም። አንበጣው መርዝ የተረጨበት እንደ ሆነ አጣቢው ያለ እጅ ጓንት አይንካው።

ሬንጅ ግን ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ስለ ሆነ ውሃ አይፈታውም፤ የሚፈታው የራሱ ወገን የሆነ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ጥቂት ላምባ በንጹሕ ጨርቅ ተነክሮ፣ በመጀመሪያ በማይታይ ስፍራ ይሞከር። ቀለሙ በጨርቁ ላይ ካልወጣ፣ ጨርቁ በሬንጁ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቈይና በቀስታ ይጠረግ፤ ገጹም በቈሸሸ ቍጥር ይለወጥ፤ አለዚያ የተፈታው ሬንጅ ወደ ንጹሑ ስፍራ ይዛመታል። ወዲያውም ስፍራው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ።

በላምባ ፈንታ ቤንዚን መጠቀም አይገባም። ቤንዚን ቀለሙን ሊጐዳ ይችላል፤ ትነቱም በብርድ እንኳ ቢሆን ከእሳት ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል። በላምባም ሲሠራ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ።

የእጥበቱ ስፍራ ከወንዝ፣ ከምንጭና ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ የራቀ ይሁን። ላምባና የአንበጣ መርዝ ወደ ውሃ የወረደ እንደ ሆነ ጉዳቱ ለሕዝቡና ለከብቱ ይተርፋል። እንግዲህ መኪና በእጁ ያለ ማናቸውም ሰው ይህን ሥርዐት ለነጂው ማስረዳትና መፈጸሙንም መቈጣጠር ይገባዋል።