ክሎሪን ብስባሽ ሲያገኝ

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ኮሌራ ተቀሰቀሰ። በርበሬ ወረዳ ገባ፤ ከዚያም ወደ ሶማሌ ክልል ተሻገረ። ይህን ያየ አገር ውሃን በክሎሪን ማከም ለድርድር አያቀርብም። ቢሆንም ክሎሪን በሥራው መሐል የሚፈጥረው ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ማወቅ ውሃችንን በተሻለ መንገድ እንድናክም ይረዳናል።

መነሻው ቅጠል ነው። የሐረና ጫካ ቅጠል፣ የሳነቴ አምባ ሣርና ሥሩ ይበሰብስና ዝናብ አጥቦ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። የወንዙን ውሃ ሻይ የሚያስመስለው ይኸው ብስባሽ ነው። ክሎሪን ጀርሙን እየገደለ ከብስባሹም ጋር ይዋሐዳል፤ ያኔ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። ዋነኛው ክሎሮፎርም ነው፤ ድሮ ሐኪሞች በሽተኛ ያደነዝዙበት የነበረው። ዮሐንስ ሩክ የተባለ የሮተርዳም ኬሚስት ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ እስኪያደርግ ድረስ ዓለም በክሎሪን የታከመ ውሃ ከ60 ዓመት በላይ ጠጥቷል።

ጉዳቱ የአንድ ቀን አይደለም። ውህዶቹ የበዙበትን ውሃ ለረጅም ዓመታት በጠጡ ሰዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር ያያይዟቸዋል። ክሎሮፎርም በቤተ ሙከራ እንስሳት ጉበትና ኩላሊት ላይ ዕጢ አስከትሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሮፎርም በአንድ ሊትር ውሃ ከ0.3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህን ፈርቶ ክሎሪንን መተው ግን አይገባም ይላል። ትክክል ነው፤ ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ውህዶቹን የሚያበዛቸው ሙቀት፣ ቆይታና የብስባሹ ብዛት ነው። የባሌን ደጋ ከተሞች ሮቤንና ጎባን ብርዳቸው ይጠቅማቸዋል፤ ወደ ደሎ መና ቆላ ሲወረድ ግን ውህደቱ ይፈጥናል። የጠራ የምንጭ ውሃ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው በክረምት ከወንዝ በጀሪካን የተቀዳው ድፍርስ ነው። ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ስለዚህ ሰው መጠኑን ይጨምራል፤ ክሎሪኑ ሲጨምር ውህዱም ይጨምራል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ውሃው ይዘቅጥ፤ ላይ ላዩ ቀስ ተብሎ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለል፤ ክሎሪኑ ከዚያ በኋላ በመመሪያው ልክ ይግባ፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት የሚችል ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ ያፍላው፤ ክሎሮፎርም ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። የከተማ ማጣሪያ ጣቢያም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ብስባሹን አስቀድሞ በአልሙኒየም ሰልፌት አዝቅጦና በአሸዋ አጣርቶ ክሎሪኑን መጨረሻ ላይ ይጨምራል።