ስልኩ ብቻውን የማይሞላው የዋሄን ጎደሎ

መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ የሶማሊላንዷ መዲና የሀርጌሳ ትልቁ ገበያ ዋሄን በእሳት ተያያዘ። ሱቆቹ ተጠጋግተው የተሠሩ፣ መተላለፊያዎቹም ጠባብ ስለነበሩ የእሳት አደጋ መኪኖች ወደ ውስጥ መዝለቅ አቃታቸው። ገበያው ሌሊቱን ሲነድ አድሮ ሲነጋ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሱቆች ወድመው ተገኙ። ከሃያ በላይ ሰዎች ቢጎዱም ሕይወቱ ያለፈ ሰው አለመኖሩ ተነገረ። የኪሳራው ክብደት የሚገባን ግን የሶማሊላንድ ንግድ ምክር ቤት ሊቀ መንበር የተናገሩትን ስንሰማ ነው፤ ዋሄን ከከተማዋ ኢኮኖሚ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ይዞ የቆየ ገበያ ነበር።

ያ ሁሉ ዕቃ፣ የዱቤ ደብተሩና በመሳቢያ ያደረው የወረቀት ገንዘብ አብሮ ነደደ። በስልክ የነበረው ሂሳብ ግን ከሱቁ ውጭ፣ በኩባንያው መዝገብ ላይ ስለሚቀመጥ እሳቱ አልደረሰበትም።

የስልክ ገንዘብ በሀርጌሳ አዲስ ነገር አይደለም። ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ «ዛድ»ን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የእኛው ቴሌብር ሥራ ከመጀመሩ 12 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። ከሶማሊላንድ የወረቀት ገንዘብ ትልቁ እንኳ አንድ ዶላር አይሞላም ነበር። ውድ ዕቃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከረጢት ተሸክሞ ይመጣ ነበር፤ መንዛሪዎችም የታሰረ ሽልንግ መንገድ ዳር እንደ ጡብ ደርድረው ይቀመጣሉ። በዛድ ግን ሲጀመር የሚዘዋወረው ዶላር ነበር፤ ለመላክም ክፍያ አልነበረውም። ባለሱቋ ቁጥሯን በግድግዳው ላይ በቀለም ትጽፋለች፤ ገዢው ቁጥሯን፣ የገንዘቡን መጠንና የራሱን የሚስጥር ቁጥር ያስገባል፤ ወዲያው በሁለቱም ስልክ ላይ መልእክት ይገባል። ለዚህ ኢንተርኔትም ሆነ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልግም።

የሞባይል ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው ጂ.ኤስ.ኤም.ኤ. እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ዛድ ጥናት አውጥቶ ነበር። በጥናቱ መሠረት አንድ ንቁ ተጠቃሚ በወር ከ30 ጊዜ በላይ በዛድ ይገበያያል፤ በጊዜው የዓለም አማካይ 8.5 ብቻ ነበር። ማኅበር ለአባላቱ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ ይኸው ነው፤ አንዱ ዘንድ የተሳካውን መርምሮ ለሌላው ያደርሳል።

ይሁንና የስልክ ገንዘብ መክፈያ እንጂ መድን አይደለም። ነጋዴው ሲወድቅ የሚያነሳው፣ ሐሳብ ያለው ወጣት መነሻ ካፒታል ሲያጣ የሚደግፈው ሌላ አካል ያስፈልጋል። በሀርጌሳ ይህን ሥራ ከያዙት መካከል ሻቆዶን ይገኛል። ሻቆዶን የበቀለው በአሜሪካ የልማት ድርጅት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለሶማሊ ወጣቶች ከተካሄደ የሥራ ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም ሥራ ፈላጊውንና ቀጣሪውን በአጭር የስልክ መልእክት ያገናኝ ነበር፤ የገንዘብ አያያዝንም በድምፅ በተቀዳ ትምህርት ያስተምር ነበር። የውጭው ገንዘብ ሲያልቅ ሥራው አብሮ አልተዘጋም፤ አገር በቀል ድርጅት ሆኖ ቀጠለ። በኋላም ሃርሀብ የተባለውን የፈጠራ ማዕከል ከፈተ። እንዲህ ዓይነቱ ማዕከል ጀማሪ ድርጅት ብቻውን ሊከፍለው የማይችለውን መብራት፣ ኢንተርኔት፣ አዳራሽና አሠልጣኝ በጋራ ያቀርባል።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አብዲጋኒ ዲሪዬ ያቋቋመው ኢኖቬት ቬንቸርስም ጀማሪ ድርጅቶችን እየመረጠ ያሠለጥናል፣ ገንዘብ ካላቸው ጋርም ያገናኛል። የማሳቹሴትሱ ኤም.አይ.ቲ. መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2017 ዲሪዬን ከ35 ዓመት በታች ካሉ ፈጣሪዎች ተርታ አስገብቶታል።

እንዲህ ያሉ ማዕከላትም በተራቸው ደጋፊ ይሻሉ። አፍሪላብስ የተቋቋመው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከካሜሩን፣ ከሴኔጋል፣ ከዩጋንዳና ከኬንያ የመጡ አምስት ማዕከላት የመሠረቱት ይህ አህጉራዊ ማኅበር ዛሬ ከ50 በሚበልጡ አገሮች አባላት አሉት። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ አይስአዲስ የተባለው ማዕከል ተከፍቶ ነበር፤ የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። አፍሪላብስ በዋናነት የሚያሠለጥነው ማዕከላቱን የሚመሩትን ሰዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ የተማሩትን በየከተማቸው ላሉ ጀማሪዎች ያደርሳሉ። ለጋሹም ሆነ ባለሀብቱ ሃምሳ አገር ዞሮ ማዕከል ከሚያጠና፣ አንድ በር አንኳክቶ ብዙዎቹን ያገኛል። ዕውቅና ሳታገኝ ረጅም ዘመን ለኖረችው ሶማሊላንድ እንዲህ ያለው በር ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የውጭ ባለሀብት ስለማያውቀው አገር ኩባንያ የሚጠይቀው የሚያምነው ሰው ይፈልጋልና።

አንድ ጉዳይ ግን ሥልጠና ብቻውን አይፈታውም። ከዛድ ጎን የዳሃብሺል ቡድን ኢዳሃብ የተባለ የራሱን የስልክ ገንዘብ ጀምሯል፤ ሁለቱ መረቦች ሳይገናኙ ለዓመታት ስለኖሩም ነጋዴው ሁለት ሲም ካርድ መያዝና ሁለት ቁጥር ግድግዳ ላይ መጻፍ ለምዷል። አንድ ባለሱቅ ይህን ለማስለወጥ አቅሙ አይፈቅድም፤ አንድ ጀማሪ የሶፍትዌር ድርጅትም እንዲሁ። ማዕከላቱ ከንግድ ምክር ቤቱ ጋር ሆነው ኩባንያዎቹንና የሶማሊላንድ ባንክን በአንድ ጠረጴዛ ቢያስቀምጡ ጥቅሙ ለማዕከላቱ አባላት ብቻ ሳይሆን አባል መሆን ለማያስበው የዋሄን ቸርቻሪም ይደርሳል።