የሰውነት መከላከያ በምን ይለካል?

ኩላሊታቸው ሥራ ላቆመባቸው ለብዙ ሕሙማን ንቅለ ተከላ ከሁሉ የተሻለ ሕክምና መሆኑ ይታወቃል። በሀገራችንም ይህ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ተጀምሯል። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ እንሰማለን፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ዓመታት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ወደዚህ ርዕስ የምንገባው ጉዳዩ በመሠረቱ የመለኪያ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪ የመሩት ቡድን የአንዱን ወንድም ኩላሊት ለሌላው ሲተክል፣ ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቆጠረውም። እንዲህ ያለ መንትያ የሌለው ሰው ግን፣ የገዛ እናቱ እንኳ ብትለግሰው፣ መከላከያውን የሚያዳክም እንደ ታክሮሊመስ ያለ መድኃኒት ዘወትር መዋጥ ግድ ይሆንበታል። መድኃኒቱ ካነሰ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት ያጠቃዋል። ከበዛ ደግሞ ጤነኛ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት የሚኖረው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ወይም በሳንባ ውስጥ ተኝቶ የቆየ የቲቢ ባክቴሪያ ይነሣል። ሐኪሙ በሁለት ገደል መካከል መንገድ መፈለግ አለበት።

እርግጥ ነው፣ ሐኪሞች በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ይለካሉ። መድኃኒቱ ከበዛ ኩላሊቱን ራሱን ሊጎዳ ስለሚችል ልኬቱ የግድ አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ የመከላከያውን አቅም በዚህ ብቻ መገመት፣ ምድጃው ውስጥ የገባውን ከሰል መዝኖ የድስቱን ሙቀት እንደ መገመት ነው። ዕድሜው፣ የስኳር ሕመሙ፣ የሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ስለሚለያዩ፣ እኩል መድኃኒት በደማቸው ያለ ሁለት ሰዎች እኩል መከላከያ አይኖራቸውም።

እስካሁን ለትንበያ በዋናነት የሚያገለግለው የጊዜ ሰሌዳና የቫይረስ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ወር ከቀዶ ሕክምናው ጋር የተያያዘ ኢንፌክሽን፣ ከዚያ እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ የተዳከመ ሰውነትን የሚጠብቁ ተሐዋስያን ያሰጋሉ። ለጋሹ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ኖሮት ተቀባዩ ከሌለው ስጋቱ ይበልጥ ይጨምራል። ይህ ጠቃሚ ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን ወሩ ሐምሌ መሆኑን ማወቅ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ አይነግረንም።

ታዲያ ለአንድ ግለሰብ የሚሆን ቴርሞሜትር ከየት ይምጣ? አስገራሚው መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ከተገኘ ቫይረስ ነው። ቶርክ ቴኖ ይባላል፤ ስሙ በላቲን ቀጭን የአንገት ሐብል ማለት ሲሆን፣ የተሰጠውም ዲኤንኤው ቀለበት መሰል ስለሆነ ነው። በአብዛኞቹ ጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥ ይገኛል፤ የሚያስከትለው በሽታ እስከ አሁን አልታወቀም። ቁጥሩን የሚገታው ራሱ የሰውነት መከላከያ ነው። ስለዚህ መከላከያው ሲዳከም ቫይረሱ ይበዛል፣ ሲበረታ ያንሳል። በቪየና የተካሄዱ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በታች ሲሆን ኩላሊቱ የመጠቃቱ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ደግሞ የኢንፌክሽን ስጋት ያይላል። በሎጋሪዝም ሲጻፍ በ6 እና በ8 መካከል ማለት ነው።

ይህ ቴርሞሜትር ግን ዘገምተኛ ነው። ከተከላው በኋላ የቫይረሱ መጠን እስኪረጋ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ኢንፌክሽን በብዛት የሚመጣው ደግሞ ከነዚሁ ወራት አንሥቶ ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ተማሪዎች በእርሳስ ቢያሰሉት እንመርጣለን። ከ100 ሕሙማን 20ው ለከባድ ኢንፌክሽን ይጋለጣሉ እንበል። ምርመራው ከነዚህ 16ቱን ያስታውቅ፤ ከቀሩት 80 ደግሞ 64ቱን በትክክል ነጻ ይበል። በዚህ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የሚደርሳቸው 32 ሲሆኑ ግማሾቹ በስሕተት ነው። በማስጠንቀቂያው መሠረት መድኃኒት ከተቀነሰ፣ እነዚያ 16 ሰዎች ያለ ምክንያት ወደ ሌላው ገደል ተጠጉ ማለት ነው። ትንበያ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በእርሱ ተመርቶ መድኃኒት መቀየር ሕመምተኛውን መጥቀሙ ለብቻው መፈተን አለበት። በስድስት የአውሮፓ ሀገራት 260 ሕሙማንን እንዲያካትት የተነደፈው ሙከራ የታሰበው ለዚሁ ነው፤ በዕጣ ለተለዩት ታክሮሊመስ በቫይረሱ ልክ፣ ለሌሎቹ በተለመደው መንገድ ይታዘዛል።

ቫይረሱን የሚቆጥረው ፒ ሲ አር ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወዲህ በሀገራችን ቤተ ሙከራዎች እንግዳ አይደለም። የቪየናው 6 እና 8 ግን ቲቢ በብዛት ባለበት ሀገር እንዳለ ይሠራል ብለን አንነሣም። ማንኛውም መለኪያ በሚያገለግልበት ቦታ መቃኘት አለበት፤ ለዚህም የእያንዳንዱን ተቀባይ ደም በየወሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥና የደረሰበትን ሁሉ ከቀኑ ጋር መመዝገብ ያስፈልጋል።