ከእንጅባራ ወደ ቁስቋም

ጎንደር የሚሄድ እንግዳ የመጀመሪያ ቀኑን ለፋሲል ግቢ ይሰጣል። ከአዊ ለሚነሳ ሰው ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ተራራው ሥር ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። በእቴጌይቱ ዘመን ጎንደር ማሩን፣ ቅቤውንና ከብቱን ከአገው ምድር ያገኝ እንደነበር ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጽፏል። የአገው ሰው ይህን ግቢ ሲያይ የሰው ቤት አየሁ ማለት አይችልም፤ የአያቶቹ ላብ አለበት።

ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳምና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር ለመድረስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር 180 ያህል ይቀራል። መንገዱ ሰላም ከሆነ በማለዳ የተነሳ ሰው ሳይመሽ ይገባል። ጊዜ መምረጥ ለሚችል ከጥቅምት መጨረሻ የተሻለ የለም። ክረምቱ ወጥቷል፣ የኑግ ማሳው ቢጫ ለብሷል፣ ጾመ ጽጌም ሊፈታ ተቃርቧል። የቁስቋም ዓመታዊ በዓል ኅዳር 6 ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበት የግብፁ ደብረ ቁስቋም የሚታሰብበት ቀን ነውና፣ የእቴጌይቱም ግቢ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ፣ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር እሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ከነገሥታቱ ግቢ ራቅ ብለውም የራሳቸውን ሠሩ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መኖሪያ፣ የግብር አዳራሽ፣ ሁሉንም የሚያቅፍ ግንብ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አልቀረለትም። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠርቷል፤ አዳራሹ ግን ዛሬም ጣራ የለውም።

ግድግዳው በኖራ የተያያዘ ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው። በዚያ መካከል ቀላ ያለ፣ ለመጥረብ የሚመች ድንጋይ እየተመረጠ መስቀልና የእንስሳት ቅርጽ ወጥቶበታል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩ ከጥቁሩ ይለያል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ማለዳ መድረስ ተገቢ ነው። በፋሲል ግቢ ጉልበትና ግርማ ይታያል፣ እዚህ ግን ለጌጥ የተጨነቀ ዓይን አለ። ዙሪያውን ጽድና ወይራ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ባይሆን ኖሮ ይህ ዛፍ ከመጥረቢያ አያመልጥም ነበር ብዬ አምናለሁ። ግቢው ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና የእቴጌይቱን ቤተሰብ ሕፃናት ያከመው በዚሁ ግቢ ነው። በዚያው ዓመት የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ አገው ምድር ወርዶ ግሽን አየ። እቴጌይቱ በሐሳቡ እጅግ እንደተገረሙ ይተርካል። እሳቸው እንዳሉት፣ እሱ በኢየሩሳሌም በኩል አልፎ፣ ይህን ሁሉ አገርና በረሃ አቋርጦ የመጣው ይዞት ሊሄድ የማይችለውን ወንዝ ለማየት ነው፤ የነገሥታት እናት የሆኑት እሳቸው ግን የሚመኙት ኢየሩሳሌም ሄደው፣ ለምነውም ቢሆን ኖረው፣ በጌታ መቃብር ደጃፍ መቀበር ብቻ ነበር። አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1773 አረፉ፤ የእሳቸው፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ነው የሚባለው ዐፅም ቁስቋም ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ ይታያል።

የብሩስን መንገድ መጨረስ የሚፈልግ ደግሞ ወደ እንጅባራ ሲመለስ በቲሊሊ በኩል ወደ ሰከላ ይሂድ፤ ግሽ ዓባይ ያለው እዚያ ነው።