ዕረፍት የሚነሳው የሥራ ማሳወቂያ

ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ልጆች ተኝተዋል፤ እርስዎም ወደ መኝታዎ ሊሄዱ ሲሉ ስልክዎ ጠረጴዛው ላይ ይነዝራል። አንስተው ሲያዩት ከሦስት ቀን በፊት አስተያየት በሰጡበት ሥራ ሥር አንድ ባልደረባዎ «አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፏል። ሌላ ምንም የለም። ስልኩን ከከፈቱት አይቀር ግን የተጠራቀሙትን መልእክቶች ማየት ይጀምራሉ፤ ነገ ጠዋት የሚያስረክቡት ሪፖርት ትዝ ይልዎታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ሆነው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነው።

ትሬሎ፣ አሳና፣ ጂራ እና የመሳሰሉት የቡድን ሥራ መከታተያ መተግበሪያዎች ማን ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚያስረክብ በአንድ ቦታ ስለሚያሳዩ ጥቅማቸው ብዙ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ይህንኑ ሥራ በቴሌግራም ግሩፕ የሚያከናውኑ ብዙዎች ናቸው። ጤናን የሚነካው ነገር የሚመጣው ሁሉም መልእክት በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲጠራን ነው። የተበላሸ ሰርቨርም ሆነ የምስጋና ቃል እኩል ይጮኻሉ። ሰውነታችን ደግሞ የትኛው እንደሆነ እስኪያውቅ ድረስ አይጠብቅም፤ ድምፁን ሲሰማ ይነቃል።

በወቅቱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ግሎሪያ ማርክ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ሥራቸው በየመሐሉ የሚቋረጥባቸው ሰዎች ሥራውን በፍጥነት ጨርሰውታል። የከፈሉት ዋጋ ግን ነበር፤ ውጥረታቸው፣ ብስጭታቸውና የጊዜ ጥድፊያ ስሜታቸው ጨምሯል። «እኔ ለምጄዋለሁ፣ ሥራዬንም በሰዓቱ እጨርሳለሁ» የሚሉ ካሉ ይህን ልብ ይበሉ። ማሳወቂያውን አለመክፈትም ሙሉ በሙሉ አያድንም። በ2015 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት፣ ሰዎች ስልካቸውን ሳይነኩት ድምፁን ወይም ንዝረቱን ብቻ ማስተዋላቸው ትኩረታቸውን እንደሚያዛባ አሳይቷል። ስልኩ ሳይነዝር የነዘረ መስሎዎት ኪስዎን ዳብሰው ያውቃሉ? ብቻዎን አይደሉም።

ታዲያ ሁሉንም መዝጋት ነው? አይደለም። በ2019 የታተመ በሕንድ የተካሄደ ጥናት አንዳንዶቹ ተሳታፊዎች ማሳወቂያዎቻቸው በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ተጠራቅመው እንዲደርሷቸው አደረገ። እነዚህ ሰዎች ውጥረታቸው ቀንሶ ስሜታቸው ተሻሽሏል። ፈጽሞ ምንም እንዳይደርሳቸው የተደረጉት ግን «የሆነ ነገር አመለጠኝ» በሚል ጭንቀት ተይዘዋል። ስለዚህ የሚሻለው መለየትና ማጠራቀም ነው።

ከመለየት ይጀምሩ። አሳና ላይ በአንድ ሥራ ሥር አስተያየት ሲጽፉ የዚያ ሥራ ተከታታይ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ወደ እርስዎም ይመጣል። ድርሻዎ ካለቀ ከተከታታይነት ይውጡ። ትሬሎ ላይም ድሮ «ልከታተለው» ብለው የመረጧቸው ሰሌዳዎች እስከ ዛሬ ሊጠሩዎት ይችላሉ። በስምዎ የተጠሩበትንና ለእርስዎ የተሰጠ ሥራን የሚመለከተውን ብቻ ድምፅ እንዲኖረው ያድርጉ። ለቀሪው የተወሰነ ሰዓት ይስጡት፤ ለምሳሌ ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ፣ ከምሳ በኋላና ከቢሮ ከመውጣትዎ በፊት። የቴሌግራሙን ግሩፕ ድምፅ ማጥፋት ከሁሉ የሚቀል ነው፤ የሚከብደው ይሉኝታው ነው።

ይሉኝታውን ብቻዎን አይወጡትም። አለቃዎ ማታ የላኩትን እስከ ጠዋት ሳይመልሱ መቆየት ቸልተኝነት መስሎ እንዳይታይ ይሰጋሉ፤ እርሳቸው ደግሞ ምናልባት እንዳይረሱት ብለው ነው የጻፉት። ስለዚህ በቡድን ተነጋግረው አንድ ነገር ይስማሙ፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ የተጻፈ ሁሉ ለነገ ነው፣ በእውነት አስቸኳይ የሆነ ግን ይደወላል። ስልክዎን «አትረብሹኝ» ላይ ቢያደርጉትም የመረጧቸው ሰዎች ጥሪ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ፈረንሳይ ይህን ጉዳይ በሕግ ጭምር አስገብታዋለች፤ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመሣሪያዎች ስለሚለይበት መብት መደራደር አለባቸው።

አዲስ አበባ ተቀምጠው ዋሽንግተን ካለ ቡድን ጋር የሚሠሩ ወገኖች ጉዳይ ለየት ይላል። እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ሥራ ሲጀመር እዚህ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ እነርሱ ከቢሮ ሲወጡ እዚህ እኩለ ሌሊት ሆኗል። እንዲህ ከሆነ ከቡድኑ ጋር የጋራ ሰዓት ይቁረጡና የሥራ መዝጊያዎን በመተግበሪያው ላይ ያስገቡ፤ ጸጥታው በየቀኑ በራሱ ይጀምራል።

አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ማድረግና ለመቀስቀሻ ተራ ሰዓት መግዛት ብዙ ወጪ የለውም። ይህን ሁሉ አድርገውም በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለዎትና ይህም ለሦስት ወራት ከቆየ፣ ወይም ድምፁን በሰሙ ቁጥር ልብዎ የሚመታና ሥራ ማሰቡ ራሱ የሚያስጠላዎት ከሆነ፣ ጉዳዩ ከስልክ ማስተካከያ አልፏልና በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ሄደው ባለሙያ ያነጋግሩ።