የትዳር ጓደኛዎ አሁን የት ደርሶ ይሆን?

በየአጥቢያችን የትዳር ጓደኛው ባሕር ማዶ ያለ ሰው አይጠፋም። አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለትምህርት፣ ሌላው ደግሞ የቪዛው ጉዳይ እስኪያልቅለት ተለያይቶ ይኖራል። ታዲያ የጉዞው ቀን ሲደርስ ቤቱ በጭንቀት ይሞላል፦ «ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስልኩስ ለምን ዝም አለ?» እስቲ ብዙዎቻችን የምናውቀውን የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ዲሲን መንገድ አብረን እንመልከት።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ሲሄዱም ሲመጡም አንድ ነው፤ ሰዓቱ ግን ይለያያል። ሲሄዱ ከ16 እስከ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ለምን ይለያያል?

የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ የአውሮፕላኑ ሞተርና ክንፍ ጉልበታቸው ይቀንሳል። መንገደኛውንና ሻንጣውን ይዞ፣ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅም ጨምሮ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ በተለያዩ ዓመታት ማረፊያ ሆነዋል። የዋሽንግተኑ የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ በቀጥታ ይመጣል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በአትላንቲክ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል፤ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል።

ቲኬቱ እንዳያሳስትዎ

በቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በክረምታቸው በ8፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለምሳሌ በጥር ወር ከምሽቱ 4፡30 ከቦሌ የተነሳ፣ 17 ሰዓት በርሮ ዋሽንግተን የሚደርሰው እዚያ ከጠዋቱ 1፡30 ሲሆን ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው 9 ሰዓት የፈጀ ይመስለዋል! በ10ኛው ሰዓት ላይ ስልክ ካልተደወለ ልቡ መውደቁ አይቀርም፤ መንገደኛው ግን ገና አየር ላይ ነው።

ሌላው የሌሊት በረራ ነው። ቲኬቱ ላይ «00፡30» ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6፡30 ነው፤ በፈረንጆች ደንብ ቀኑ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ተለውጧል። ማክሰኞ የሚል ከሆነ ሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት ያስፈልጋል።

ለባለትዳሮች

ከጉዞው በፊት ሁለታችሁም የመድረሻውን ሰዓት በሁለቱም ከተማ አቆጣጠር ጻፉ። ነዳጅ ሲቀዳ መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ ስለማይወርድ፣ ከዚያ ካልደወለ ረሳኝ አትበሉ። ካረፈም በኋላ ለፓስፖርት ቁጥጥርና ለሻንጣ ጊዜ ይፈልጋል።

ተለያይታችሁ ስትኖሩም ለሁለታችሁ የሚመች ሰዓት ምረጡ። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት በዋሽንግተን የምሳ ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ገና አልተኙም፣ እዚያ ያለውም ከሥራው ጥቂት ዕረፍት ያገኛል። አሜሪካኖች በመጋቢት መጀመሪያና በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሰዓታቸውን ስለሚለውጡ ቀጠሮውን በዚያ ጊዜ አስተካክሉ። የአንድ ሰዓት ልዩነት ወደ «ለምን አልደወልክም?» ክርክር እንዳይወስዳችሁ። ርቀቱን ማሳጠር ባንችልም፣ ጥርጣሬውን ግን ማሳጠር እንችላለን።