የመኪና መሪ ዕቃ ከተለወጠ በኋላ የፊት ጎማዎችን ስለ ማቅናት

በሚዛን ተፈሪ (ዛሬ ከአማን ጋር ተባብራ ሚዛን አማን በምትባለው ከተማ) እና በቴፒ ዙሪያ የሚለቀመው ቡና አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በመኪና ይጓዛል። መንገዱም ሜዳ አይደለም፤ ከሚዛን ወደ ቦንጋ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ከቦንጋ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ ከጎጀብ ወደ ጅማ እንደ ገና ይወጣል፤ ከጅማም በኋላ የጊቤን ቆላ ያቋርጣል። ዝናቡ ከሌላው አገር ይልቅ ብዙ ወራት የሚቆይ ስለሆነ፥ ከእርሻው እስከ ዋናው መንገድ ያለው ስፍራ ጭቃና ጕድጓድ አያጣም። ጕድጓዱም አስቀድሞ ከሚጎዳቸው የመኪና ክፍሎች አንዱ የመሪው ዕቃ ነው። ስለዚህ ቡና የሚጭን መኪና የመሪ ዕቃ በየጊዜው መለወጡ የማይቀር ነው።

ነገር ግን ዕቃው ተለወጠ ማለት መኪናው ለጭነት ተዘጋጀ ማለት አይደለም። በመንግሥት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር መኪና ላይ የጥገና ሒሳብ የሚፈርም ሹም ይህን ልዩነት ካላወቀ፥ ለአዲስ ዕቃ ከፍሎ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ለአዲስ ጎማ ይከፍላል። ከዚያም የከፋ ነገር ሊያገኘው ይችላል።

ሹፌሩ የሚይዘው መሪ ወደ መሪው ሣጥን ይወርዳል፤ ከሣጥኑ የወጣው ክንድ አንድ ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉም አንደኛውን የፊት ጎማ ያዞራል። ከአንደኛው ጎማ ወደ ሁለተኛው ደግሞ ከአክስሉ ጋር ትይዩ የተዘረጋ ሌላ ረዥም ዘንግ አለ፤ እርሱም ሁለቱን ጎማዎች እንደ ቀንበር አስተባብሮ የሚያዞር ነው። በዘንጎቹ ጫፍ ያሉትን ክብ ራስ ያላቸውን መጋጠሚያዎች የጋራዥ ሰዎች ቴስቲና ይሏቸዋል፤ ጎማው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚታጠፍበትን ቋሚ ብረት ፔርኖ፥ አካሉን የሚሸከመውንም ተደራራቢ ብረት ባሌስትራ ይሉታል። እነዚህ ስሞች ከኢጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ፊያት ኤን 3 ስፍራውን ለአይሱዙና ለሲኖትራክ እየለቀቀ ቢሄድም ስሞቹ ግን አልለቀቁም።

የጎማ መቅናት ሲባል ሦስት ነገር ይታሰባል። አንደኛው፥ ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ በፊት በኩል ከኋላ ይልቅ በጥቂቱ መቀራረባቸው ነው። ቀጥ ብለው ሊሄዱ የሚገባቸው ጎማዎች እንዲቀራረቡ የሚደረግበት ምክንያት አለው፤ መኪናው ሲሄድ መንገዱ ጎማዎቹን ወደ ኋላ ይይዛቸዋልና፥ በመጋጠሚያዎቹም ጥቂት ላላነት አይጠፋምና፥ ቆመው ሳሉ በጥቂቱ የተቀራረቡት በጉዞ ጊዜ ትይዩ ይሆናሉ። ሁለተኛው፥ ከፊት ሲታይ የጎማው ራስ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ነው። ሦስተኛው፥ ከጎን ሲታይ የፔርኖው ራስ ወደ ኋላ መጋደሙ ነው፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ የሚመለሰው ስለዚህ ነው። አክስሉ አንድ ወጥ በሆነ ከባድ መኪና የጎማው ዘንበል ማለት በፋብሪካ ከአክስሉ ጋር የተሠራ ስለሆነ፥ አክስሉን በእሳት አግሎ በመዶሻ ማቃናት ብረቱን ማድከም ነው፤ ከቶ አይገባም። የፔርኖው መጋደም በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በሚገባ የብረት ሽብልቅ ይስተካከላል። ቴስቲና ሲለወጥ የሚናጋው ግን አንደኛው፥ ማለት የጎማዎቹ መቀራረብ ነው።

መካኒኩ አሮጌውን ቴስቲና ሲፈታ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ይቈጥራል፤ አዲሱንም በዚያው ቍጥር ያስገባል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሥራውን ወደ እውነተኛው ልክ ያቀርበዋል። መለኪያ ግን አይደለም። ከሌላ ፋብሪካ የመጣው አዲስ ቴስቲና አንገቱ በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ወይም ቢያጥር፥ ቍጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ጎማው ጠማማ ይሆናል። አሮጌው ከተበላ በኋላ ጎማው በዚያ ላላነት ተስተካክሎ እንደ ሆነም፥ ላላነቱ ሲጠፋ ልኩ አብሮ ይጠፋል።

ስሕተቱ ትንሽ ቢመስልም ሒሳቡ ትንሽ አይደለም። ከፍታው 1 ሜትር ያህል በሆነ ጎማ ላይ የፊቱና የኋላው ልዩነት ከሚገባው በ10 ሚሊ ሜትር ቢያልፍ፥ ለእያንዳንዱ ጎማ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። እንግዲህ ጎማው 1 ሜትር በሄደ ቍጥር 5 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይጎተታል፤ በ1 ኪሎ ሜትር 5 ሜትር፥ በ500 ኪሎ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ማለት ነው። ሙሉ ጭነት የተሸከመ ጎማ በአንድ ጉዞ ይህን ያህል በጎኑ ሲፋቅ ምን እንደሚተርፈው መገመት አያስቸግርም። የጎማው ዋጋ መጥፋቱ እንኳ ቀላሉ ጉዳት ነው። ዳሩ የሳሳ የፊት ጎማ ወደ ጎጀብ በሚወርደው ቍልቍለት ቢፈነዳ መሪው ከሹፌሩ እጅ ይወጣል፤ የኋላ ጥንድ ጎማ ሲፈነዳ ጓደኛው ይደግፈዋል፤ የፊቱ ግን ብቻውን ነው።

ቀድሞ ጭነት በአጋሰስ ይጓዝ በነበረበት ዘመን ነጋዴው ከሰፈረ በኋላ ጭነቱን አውርዶ የከብቱን ጀርባ በእጁ ይዳስስ ነበር፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ጭነት ጀርባ ይገጥባልና። ጎማም እንደዚሁ በእጅ መዳሰስ ይወዳል። መዳፍ በጎማው ፊት ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሄድ ልዝብ ሆኖ፥ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲመለስ የጥርሱ ጠርዝ እንደ መጋዝ ቢይዝ፥ ጎማዎቹ ከልክ በላይ ተቀራርበዋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን ተራርቀዋል። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያሻም፤ የወረዳው ሹም መኪናው በቅጥር ግቢው ቆሞ ሳለ ሊያደርገው ይችላል። የዓመቱ ምርመራ ተደርጎ ቦሎ መለጠፉ በዚህ ነገር መተማመኛ አይሆንም፤ ምርመራው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ቴስቲና ግን በማግሥቱ ሊለወጥ ይችላል።

በብርሃንና በኮምፒዩተር የሚለካ መሣሪያ በአዲስ አበባ ጋራዦች ይገኛል። ሆኖም ጠማማ ጎማ ያለውን መኪና ጭኖ እስከዚያ መስደድ፥ ሊከላከሉት ያሰቡትን ጉዳት በመንገድ ላይ መፈጸም ነው። ክሪክ፥ ጠመኔ፥ ምስማርና የብረት ሜትር ባለበት ስፍራ ሁሉ መለካት ይቻላል።

አስቀድሞ የፔርኖውና የኩሽኔታው መወዝወዝ ይመረመራል፤ የሚወዛወዝ ጎማ ሁለት ጊዜ ቢለካ ሁለት ቍጥር ይሰጣልና። የጎማዎቹም ነፋስ እኩል ይሞላል። መኪናው ባዶውን በደልዳላ ስፍራ መሪውን አቅንቶ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የፊቱ ጎማ በክሪክ ይነሣል፤ በእጅ እየተሽከረከረ መሐሉ ጠመኔ ይቀባል፤ በጠመኔውም ላይ እንዳይነቃነቅ የተደገፈ ምስማር ቀጭን መስመር ያወጣበታል። በሁለተኛውም ጎማ እንዲሁ ይደረጋል። መኪናው ሲወርድ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይገፋል፤ ከክሪክ እንደ ወረደ የተለካ ቍጥር ሐሰት ነው፤ ባሌስትራው ገና ስፍራውን አልያዘም። ቀጥሎ በጎማው እምብርት ከፍታ፥ በኋላ በኩል ከመስመር እስከ መስመር፥ በፊትም በኩል እንደዚሁ ይለካል። የሞተሩ ሆድ ሜትሩን ቢያግድ፥ ሁለት ቋሚ ጫፍ የተተከለበት ረዥም እንጨት በበታቹ አሳልፎ መለካት ነው። የፊቱ ከኋላው ያነሰበት ቍጥር የጎማዎቹ መቀራረብ ነው። ለብዙ ከባድ መኪናዎች ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ሆኖም ፋብሪካው በመኪናው መጽሐፍ የጻፈው ቍጥር ይቀድማል።

ልኩን ለማስተካከል የረዥሙ ዘንግ ማሰሪያዎች በሁለቱ ጫፍ ይላላሉ፤ ዘንጉም ይዞራል። የአንደኛው ጫፍ ጥርስ ወደ ቀኝ፥ የሁለተኛው ወደ ግራ የተቀረጸ ስለሆነ ዘንጉ ሲዞር ይረዝማል ወይም ያጥራል። የቴስቲናው ጥርስ ከማሰሪያው አልፎ ወደ ዘንጉ ውስጥ መግባቱ ሊታይ ይገባል፤ ጫፉ ብቻ የተያዘ ጥርስ በመጀመሪያው ጕድጓድ ይወጣል። የቴስቲናው ዳዶ በሚገባው ኃይል ከጠበቀ በኋላ የኮፒሊያው ቀዳዳ ባይገጥም፥ ዳዶው ወደ ፊት ይጠብቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። በኮፒሊያም ፈንታ ሽቦ ወይም ምስማር ማስገባት የሰው ነፍስ በሽቦ ማንጠልጠል ነው።

ጎማዎቹ ቀንተው ሳለ መሪው ወደ ጎን ተጣሞ ቢቀር፥ መሪውን ነቅሎ በሌላ ጥርስ ላይ መትከል የሰነፍ ሥራ ነው፤ የመሪው ሣጥን መካከሉን ስቶ ይቀራልና። መታረም የሚገባው ከሣጥኑ ክንድ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ነው።

መኪናው ወደ ቀኝ ይስባል የሚል ሹፌርም ተጨማሪ ጥያቄ ይጠየቅ። በ1956 ዓ. ም. የኢትዮጵያ መኪናዎች ከግራ ወደ ቀኝ ረድፍ ከተዛወሩ ወዲህ መኪና የሚሄደው በመንገዱ ቀኝ ወገን ነው፤ መንገዱም ውሃ እንዲወርድበት መሐሉ ከፍ፥ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል፤ ስለዚህ ጤነኛም መኪና ወደ ቦዩ በጥቂቱ ማዘንበሉ አያስደንቅም። በደልዳላ ስፍራም ከሳበ ግን፥ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለው ርቀት በሁለቱ ወገን ይለካ። ካልተካከለ ጥፋቱ በቴስቲናው አይደለም፤ የባሌስትራው መሐል ቡሎን ተሰብሮ አክስሉ ስፍራውን ለቆ ይሆናል።

በጥገናው ወረቀት ላይ ከዕቃው ስምና ከዋጋው ጋር የፊቱና የኋላው ልክ፥ ከሥራው በፊትና በኋላ፥ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ሹሙ ካላየ በቀር ፊርማውን ማቆየት መብቱ ነው። መኪናውም ሙሉ ጭነት ይዞ ከሚዛን እንደ ወጣ ቦንጋ ሲደርስ ይቁም፤ ማሰሪያዎቹና ዳዶዎቹ በመፍቻ ይፈተሹ፥ ኮፒሊያዎቹም በስፍራቸው መኖራቸው ይታይ፥ የፊት ጎማዎቹም በመዳፍ ይዳሰሱ፤ ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።